ያላዘዝነው ዕቃ በእናቴ ስም በተደጋጋሚ እየመጣ ነው፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?

ጠያቂ፦ የአሌክሳንድሪያው ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው፤ ጥያቄዬ አብራን ስለምትኖረው እናቴ ነው። እናቴ በኢንተርኔት ዕቃ ገዝታ አታውቅም፤ የባንክ ካርዷንም ከመድኃኒት ቤትና ከሀበሻ ሱቅ ውጭ የምትጠቀምበት ጊዜ የለም። ይሁን እንጂ ከጥቂት ወራት ወዲህ ስሟና የአባቷ ስም ሳይዛነፍ፣ የአፓርታማችን ቁጥር ሳይቀር ተጽፎባቸው፣ ከቤታችን ማንም ያላዘዛቸው ዕቃዎች በፖስታ ይመጣሉ።

የመጀመሪያዎቹ ጥቃቅን ነበሩ። አንደኛው ከቻይና መላኩን የሚያሳይ የጉምሩክ ወረቀት የተለጠፈበት ግራጫ የፕላስቲክ ጥቅል ሲሆን፣ በውስጡ በትንሽ ላስቲክ የታሸገ፣ አረንጓዴ ፈርጥ ያለው የብረት ቀለበት ነበረበት። ቀጥሎ አምራቹ ያልተገለጸ የፊት ቅባት መጣ። ከቅባቱ ጋር መዳፍ የምታህል ካርድ አብራ ነበረች፤ በላይዋ «ስጦታውን ማን እንደላከልዎት ለማወቅ ይህን ኮድ በስልክዎ ያንሱ» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ሰፍሮ፣ ከሥሩ የኪውአር ኮድ ታትሞበታል። ኮዱን አልነካነውም።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ባለፈው ሳምንት የሆነው ነው። ከአንድ የስልክ ኩባንያ በእናቴ ስም አዲስና ውድ ስልክ በካርቶን ታሽጎ ደረሰ። በማግስቱ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ ወጣት በራችንን አንኳኩቶ፣ ስልኩ በስህተት የተላከ መሆኑንና ሊወስደው እንደመጣ ነገራት። እናቴ እንግሊዝኛዋ ትንሽ ቢሆንም «ልጄ ማታ ይገባል፣ ያኔ ተመለስ» ብላ በሩን ሳትከፍት አሰናበተችው። ሰውየው ተመልሶ አልመጣም፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ ከማናውቀው ቁጥር በተደጋጋሚ ይደወልላታል።

እነዚህን ዕቃዎች ማስቀረት ይፈቀድልናል ወይስ መመለስ አለብን? ነገ ክፈሉ የሚል ደብዳቤ ቢመጣ ሕጋዊ ግዴታ ይኖርብናል? ስልኩንስ ለማን ነው የምናስረክበው? እናቴ ሌሊት እንቅልፍ አጥታለች፤ በማታውቀው ነገር ከመንግሥት ጋር የምትጣላ እየመሰላት ነው። የሚያውቅ ሰው በዝርዝር ቢያስረዳን በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ የፖስታ ቤት ሰው

የተከበሩ ጠያቂ፣ ከሁሉ በፊት እናትዎ በሩን ሳይከፍቱ ሰውየውን መመለሳቸው እጅግ ትክክለኛ እርምጃ ነበር። በዚህ አገር ፖስታ ቤት ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁ እንዲህ ዓይነት ጥቅሎች በእጄ አልፈዋል። ጉዳይዎ ከውጭ ሲታይ አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ቀለበቱና ቅባቱ አንድ ወገን፣ ስልኩ ደግሞ ሌላ። መደረግ ያለበትም የተለያየ ነው።

ቀለበቱንና ቅባቱን በሚመለከት ሕጉ ከእናትዎ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ከወጣው የፖስታ ሕግ ጀምሮ፣ ዛሬ በፌዴራሉ ሕግ ርዕስ 39 አንቀጽ 3009 ሥር በሚገኘው ድንጋጌ መሠረት፣ ያላዘዘው ዕቃ በፖስታ የመጣለት ሰው ዕቃውን እንደ ስጦታ ቆጥሮ ማስቀረት፣ መጠቀም ወይም መጣል ይችላል፤ ላኪውም ሒሳብ መጠየቂያም ሆነ ማስጠንቀቂያ ሊልክበት አይፈቀድለትም። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚልኳቸው የአድራሻ ተለጣፊዎችና የፖስታ ካርዶችም ቢሆኑ የመክፈል ግዴታ አያመጡም። ስለዚህ ነገ «ቀለበቱን ተቀብላችኋልና ክፈሉ» የሚል ወረቀት ቢመጣ እናትዎ አንድ ሳንቲም ዕዳ የለባቸውም።

ታዲያ ሰው በነጻ ቀለበት ለምን ይልካል ካሉ፣ የሚሸጠው ቀለበቱ ሳይሆን ዝናው ስለሆነ ነው። ይህን ማጭበርበር እዚህ ብራሺንግ ይሉታል። በትልልቅ የኢንተርኔት ገበያዎች ላይ የሚነግድ አንድ ሻጭ፣ በሰው ስም አካውንት ከፍቶ የራሱን ዕቃ ራሱ ይገዛል፤ ከዚያ ክብደት የሌለውንና ለመላክ ርካሽ የሆነውን ነገር ወደ እውነተኛ አድራሻ ይልካል። ጥቅሉ መድረሱ በመከታተያ ቁጥሩ ሲመዘገብ ሽያጩ እውነተኛ መስሎ ይታያል፤ ሻጩም በእናትዎ ስም ባለ አምስት ኮከብ ምስክርነት ይጽፍና ዕቃውን ከሌሎች በላይ ያስቀምጠዋል። በገበያው የተመዘገበው ሽያጭ ውድ ዕቃ ሆኖ ሳለ የተላከው ግን የማይረባ ቀለበት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በጋ ላይ በሁሉም ግዛቶች የሚኖሩ ሰዎች ያላዘዙት ዘር በትንንሽ ፓኬት ከቻይና ሲደርሳቸው የግብርና ሚኒስቴሩ ተመሳሳይ ሥራ ነው ብሎ ገምቶ ነበር። ዘሮቹ ሲመረመሩ ከጎመን ዘርና ከሰናፍጭ ጀምሮ እስከ ናና፣ ጽጌረዳና ላቬንደር ድረስ ተገኝተውባቸዋል፤ ሕዝቡ ግን እንዳይተክላቸውና እንዳይጥላቸው፣ ይልቁንም ለግዛቱ የግብርና ቢሮ እንዲያስረክብ ተነግሮት ነበር። ዘር ከመጣላችሁ ዛሬም ይኸው ነው የሚሠራው።

ቅባቱን እናትዎ ፊታቸው ላይ እንዳያደርጉት፣ ለሰውም እንዳይሰጡት አደራ እላለሁ። ሕጉ መጠቀምን ይፈቅዳል ማለት ዕቃው ለጤና ተስማሚ ነው ማለት አይደለም፤ ከምን እንደተሠራ የሚያውቅ የለም። የካርዷን ኮድ አለመንካታችሁም ጥሩ ነው። ኤፍቢአይ በጁላይ 2025 ያወጣው ማስጠንቀቂያ በትክክል ይህንኑ የሚመለከት ነበር፤ ኮዱ የሚወስደው የባንክና የግል መረጃ ወደሚጠይቅ ገጽ ወይም ስልኩ ላይ አደገኛ ፕሮግራም ወደሚጭን አድራሻ ነው። ጥቅሉ የመጣው በየትኛው ገበያ በኩል እንደሆነ ከታወቀ፣ በዚያው ገበያ እውነተኛ ገጽ ላይ ያልታዘዘ ዕቃ ደረሰኝ ብሎ ማመልከት ይቻላል፤ በእናትዎ ስም የተጻፈ ምስክርነት ካለም እንዲነሳ መጠየቅ መብታቸው ነው።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ፤ በዚህኛው ላይ ዛሬውኑ መንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ስልኩ ያልታዘዘ ዕቃ አይደለም። አንድ ሰው የእናትዎን ስምና የልደት ቀን፣ ምናልባትም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራቸውን ይዞ፣ በእሳቸው ስም የስልክ ውል ገብቶ አዞታል፤ ዋጋውም በየወሩ በእሳቸው ስም የሚቆረጥ ነው። ሌባው የጥቅሉን ጉዞ በመከታተያ ቁጥሩ እያየ ይቆይና፣ ዕቃው በሩ ላይ በደረሰበት ቀን ወይም በማግስቱ የኩባንያ ሠራተኛ መስሎ ይመጣል፤ ካልሆነለት ይደውልና «መመለሻ ወረቀት በኢሜይል እንልካለን፣ ለጥፋችሁ ላኩልን» ይላል። ስልኩን ለዚህ ሰው ያስረከበ እንደሆነ፣ ዕቃው ከሌባው ጋር ዕዳው ከእናትዎ ጋር ይቀራል።

ስለዚህ ካርቶኑን እንደታሸገ ያቆዩት። ወደ ኩባንያው የሚደውሉት በጥቅሉ ላይ ባለው ወይም በደወለላችሁ ቁጥር ሳይሆን፣ ራስዎ ከኩባንያው ገጽ ባገኙት ቁጥር ይሁን፤ ወይም ወደ መደብራቸው በአካል ይሂዱ። ከማጭበርበር መከላከያ ክፍሉ ጋር እንዲያገናኙዎት ጠይቁ፣ ውሉ እንዲዘጋ አድርጉ፣ የመመለሻ ወረቀቱን ከዚያ ክፍል ብቻ ተቀበሉ፣ ፖስታ ቤቱ የሰጣችሁን ደረሰኝም አትጣሉት። ቀጥሎ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በሚያስተዳድረው፣ አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ጎቭ በተባለው ገጽ ላይ የማንነት ስርቆት ሪፖርት አስሞሉ። ያ ሪፖርት በኋላ ዕዳው የእኔ አይደለም ለማለት የምታቀርቡት ዋና ሰነድ ነው። በኢንተርኔት መሙላት ለሚከብደው ሰው የኮሚሽኑ ስልክ 877-382-4357 ነው፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

ከዚያ የሰውን የብድር ታሪክ በሚመዘግቡት ሦስት ድርጅቶች፣ በኢኩዊፋክስ፣ በኤክስፔሪያንና በትራንስዩኒየን ዘንድ፣ በስማቸው አዲስ ብድር እንዳይከፈት የእናትዎን ክሬዲት ያዘጉ፤ ከሴፕቴምበር 2018 ጀምሮ መዝጋትም መክፈትም በሕግ ያለ ክፍያ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው አራተኛ ቦታ ደግሞ አለ፦ የስልክና የመብራት ድርጅቶች ደንበኛ ከመቀበላቸው በፊት የሚመለከቱት፣ በምህጻረ ቃል ኤንሲቲዩኢ የሚባል መዝገብ ነው። የእናንተ ጉዳይ የስልክ ውል እንደመሆኑ ሦስቱን ዘግቶ ይህን መተው በር ዘግቶ መስኮት ክፍት እንደመተው ነው።

መልስ 2፦ አባ መላ

ልጄ፣ የፖስታ ቤቱ ወንድማችን የተናገረውን በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ስለ ስልኩም ፍጹም እስማማለሁ። በቀለበቱ ነገር ግን ልቤ አልረጋም። እኛ የሰው ገንዘብ እንዳንነካ ተነግሮን ያደግን ሰዎች ነን። ሕግ ፈቀደ ተብሎ ያልለፉበትን ዕቃ ቤት ማስቀመጥ ደስ አይልም፤ ለአንድ ትልቅ ሰው ደግሞ የኅሊና ሸክም ነው። እናትዎ እንቅልፍ ያጡትም በዚህ ሊሆን ይችላል። እንደኔ ከሆነ ዕቃው ርካሽ ይሁን ውድ ወደ መጣበት ቢመለስ ይሻላል፤ ይህ ካልተቻለ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለችግረኛ ቢሰጥ መልካም ነው።

መልስ 3፦ የፖስታ ቤት ሰው

አባታችን፣ አነጋገርዎን አከብራለሁ፤ እኔም ያደግሁት እንደዚያው ነው። ለመመለስ የሚፈልግ ሰው መንገድ አለው፦ ጥቅሉ ካልተከፈተ በላዩ ላይ «ለላኪው ይመለስ» ብሎ በእንግሊዝኛ ጽፎ ለፖስተኛው ቢሰጠው፣ ምንም ሳይከፍል ይመለሳል። ከተከፈተ በኋላ ግን አዲስ የፖስታ ሒሳብ መክፈል ይጠይቃል፤ የላኪው አድራሻም ብዙ ጊዜ የውሸት ነው። አንዲት አዛውንት ከጡረታቸው ከፍለው የአጭበርባሪን ቀለበት ወደሌለ አድራሻ እንዲልኩ መምከር አልችልም። በዚህ ነገር የተበደሉት እናትየዋ ናቸው፤ ሳይጠየቁ ስማቸው ለውሸት ምስክርነት ውሏል። ለችግረኛ መስጠቱንም አልደግፍም፤ ለራሳችን ፊት የፈራነውን ቅባት ለሌላ ሰው መስጠት ተገቢ አይደለም።

አንድ ነገር ግን እርስዎ እንዳሉት ነው። በሌላ ሰው ስም የተጻፈ፣ ለጎረቤት ወይም ከዚህ በፊት በቤቱ ይኖር ለነበረ ተከራይ የመጣ ጥቅል ስጦታ አይደለም። እሱን መክፈትም ማስቀረትም በፌዴራል ሕግ ያስጠይቃል፤ ለባለቤቱ ይሰጣል ወይም ለፖስተኛው ይመለሳል።

መልስ 4፦ የማይን ወንዝ ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምጽፈው ከፍራንክፈርት ነው። በጀርመን አገርም ሕጉ ተቀራራቢ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 241ሀ መሠረት ነጋዴ ያልታዘዘ ዕቃ ለሸማች ቢልክ፣ ክፍያም ሆነ ዕቃውን የመጠየቅ መብት አይኖረውም። እዚህ የሀበሻውን ቤት ይበልጥ የሚያንኳኳው ችግር ግን ሌላ ነው፤ ጥቅሉ ሳይሆን ሒሳቡ ነው የሚመጣው።

በዚህ አገር ዕቃ መጀመሪያ ተቀብሎ በኋላ በደረሰኝ መክፈል የተለመደ ነው። አጭበርባሪው በእናንተ ስምና አድራሻ ጫማ ወይም ላፕቶፕ ያዛል፤ ከዚያ ጥቅሉን ከፖስተኛው እጅ በደረጃው ላይ ይቀበላል፣ ወይም ለጎረቤት መሰጠቱን የሚገልጸውን ካርድ ከፖስታ ሳጥናችሁ መዝዞ ወስዶ ራሱ ይረከባል። በትልልቅ ሕንጻዎች ውስጥ ጎረቤት ለጎረቤት ጥቅል መቀበሉ ደግ ልማድ ስለሆነ ማንም አይጠራጠርም። ከሳምንታት በኋላ የማስታወሻ ደብዳቤ ይመጣል፣ ከዚያ ኢንካሶ የሚባለው ዕዳ አስመላሽ ድርጅት ወጪውን ጨምሮ ይጽፋል። ብዙ ወገኖቻችን ደብዳቤው የውሸት ነው ብለው ይጥሉታል፤ አንዳንዶች ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዳችን ይበላሻል ብለው ፈርተው ይከፍላሉ። ሁለቱም ይጎዳል። ዕቃውን አላዘዝኩም፣ አልተቀበልኩምም ብላችሁ በጽሑፍ መልሱ፤ ለፖሊስ አመልክታችሁ የመዝገቡን ቁጥር አያይዙ፤ ሹፋ በተባለው፣ የሰውን የብድር ታሪክ በሚመዘግበው ድርጅት ዘንድም የማንነት ስርቆት ሰለባ መሆናችሁን አስመዝግቡ።

ከሁሉም በላይ ቢጫውን ፖስታ አደራ። በቢጫ ፖስታ የሚመጣው የፍርድ ቤት ማዘዣ ከሆነ ለመቃወም ያላችሁ ጊዜ 2 ሳምንት ብቻ ነው፤ ቀኑም የሚቆጠረው ፖስተኛው ፖስታው ላይ ከጻፈው ቀን ጀምሮ ነው። ፍርድ ቤቱ ዕዳው እውነት መሆኑን መርምሮ የላከው አይደለም፤ ስለዚህ አብሮ የመጣውን ቅጽ ሞልቶ መመለስ ብቻ ይበቃል። ዝም ከተባለ ግን የሌላ ሰው ዕዳ የራስ ዕዳ ሆኖ ይጸናል። ጀርመንኛ ለማያነቡ ወላጆቻችሁና በካምፕ ላሉ አዲስ ስደተኞች ይህን አንድ ነገር ብትነግሩልኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 5፦ ፒያሳ

እኔ አዲስ አበባ ነኝ። በእኛ ዘንድ ነገሩ ተገልብጦ ነው የሚመጣው፤ እናንተ ጋ ያልታዘዘ ጥቅል ይደርሳል፣ እኛ ጋ ደግሞ ጭራሽ የሌለ ጥቅል ደርሷል ይባላል። በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም የተዋወቀ «የውጭ አገር ሰው» ለወራት በፍቅር ወይም በወዳጅነት ሲያወራ ይቆይና፣ ስልክ፣ ወርቅና ጥሬ ገንዘብ ያለበት ስጦታ ልኬልሻለሁ ብሎ የካርቶኑን ፎቶ ይልካል። ከቀናት በኋላ አማርኛ የሚናገር ሌላ ሰው ይደውላል፤ ዕቃው ቦሌ ጉምሩክ መያዙን፣ ለማስለቀቅ ይህን ያህል ብር በዚህ ሒሳብ መግባት እንዳለበት ይናገራል። የመጀመሪያው ከተከፈለ በኋላ የቅጣት፣ የማጣሪያ፣ የመጋዘን እያለ ይቀጥላል። ውስጡ ዶላር በመገኘቱ ልትታሰሪ ነው የሚለው ማስፈራሪያ ሲመጣ ሰዎች ከዘመድ ተበድረው ጭምር ይከፍላሉ።

ለዚህ ሁለት ማረጋገጫዎች አሉ። አንደኛው የመንግሥት ቀረጥ በግለሰብ ስም በተከፈተ የባንክ ወይም የቴሌብር ሒሳብ የማይከፈል መሆኑ ነው። ሁለተኛው የመከታተያ ቁጥሩ ነው። በፖስታ ቤቶች በኩል የሚላክ ዓለም አቀፍ ጥቅል ቁጥሩ 13 ምልክቶች አሉት፦ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ዘጠኝ አኃዞች፣ መጨረሻ ላይ የላኪውን አገር የሚያመለክቱ ሁለት ፊደላት። ቁጥሩን ደዋዩ በላከላችሁ ሊንክ ሳይሆን በኢትዮጵያ ፖስታ በራሱ ገጽ ወይም ዋናው ፖስታ ቤት በአካል ሄዳችሁ አጣሩ። ጥቅሉ ካለ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ራሳችሁ ትረከባላችሁ፤ ከሌለም እዚያው ይነገራችኋል።

በውጭ ያላችሁ ወገኖቻችንም በዚህ ልትረዱን ትችላላችሁ። እውነተኛ ዕቃ ለቤተሰብ ስትልኩ የላካችሁትን ዝርዝርና ቁጥሩን አስቀድማችሁ በስልክ ንገሩ፤ ያኔ ቤተሰብ ያልተነገረውን ጥቅል በቀላሉ ይጠራጠራል።

ጠያቂ፦ የአሌክሳንድሪያው ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተመከርኩት መሠረት ወደ ስልክ ኩባንያው መደብር ከእናቴ ጋር በአካል ሄድን። በስሟ አንድ ሳይሆን ሁለት የስልክ ውሎች ተከፍተው ተገኙ፤ ሁለተኛው ስልክ ገና አልተላከም ነበርና እዚያው እያለን ተሰረዘ። የመመለሻውን ወረቀት ራሱ የማጭበርበር መከላከያ ክፍሉ ሰጠን፤ ደረሰኙ ከሪፖርቱ ቅጂ ጋር በአንድ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። አራቱንም መዝገቦች አዘግተናል።

ለአባ መላ፣ እናቴ ምክርዎን ሳነብላት «እውነታቸውን ነው» ብላለች፤ ነገር ግን ቀለበቱ ለምን እንደተላከና ማን እንደሚጠቀምበት በዝርዝር ካስረዳኋት በኋላ ይጣል ብላ ፈቅዳለች። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ትናንት ደግሞ ፖስታ ቤት ነን የሚል የጽሑፍ መልእክት መጣላት፤ ጥቅልዎ አድራሻው ስላልተሟላ ተይዟል፣ ሊንኩን ከፍተው አነስተኛ ክፍያ ይፈጽሙ ይላል። ይህስ ከዚያው ጋር የተያያዘ ይሆን?

መልስ 6፦ የፖስታ ቤት ሰው

ይህ በጅምላ የሚላክ ሌላ ማጭበርበር ነው፤ የሚፈለገው ያቺ ትንሽ ክፍያ ሳትሆን ክፍያው ሲፈጸም የሚጻፈው የካርድ ቁጥር ነው። የዩናይትድ ስቴትስ ፖስታ አገልግሎት እናትዎ ራሳቸው ካልጠየቁ በስተቀር ስለ ጥቅል የጽሑፍ መልእክት አይልክም፤ ሲልክም ሊንክ አያስገባበትም። ሊንኩን ሳይከፍቱ መልእክቱን የስልክ ኩባንያዎች የማጭበርበር መልእክት ወደሚቀበሉበት ቁጥር፣ ወደ 7726 ያስተላልፉትና ያጥፉት። የፖስታ መርማሪዎቹን ለማግኘት ከፈለጉ ቁጥራቸው 1-877-876-2455 ነው።

ጊዜ ሲያገኙ ደግሞ ኢንፎርምድ ዴሊቨሪ የተባለውን የፖስታ ቤቱን ነጻ አገልግሎት በእናትዎ ስም ይክፈቱላቸው። በየዕለቱ የሚመጡትን ደብዳቤዎች ፎቶና የጥቅሎችን ጉዞ አስቀድሞ ስለሚያሳይ፣ ያልታዘዘ ዕቃ በመንገድ ላይ መሆኑን በሩ ሳይንኳኳ ያውቃሉ። ሌቦችም በሰው ስም ይህንኑ አገልግሎት የሚከፍቱበት ጊዜ ስላለ፣ ቢቻል በዚህ ሳምንት ቢያደርጉት መልካም ነው።